ጣቱ የማን ነበር

ክላርክስ ራን፣ ፔንሲልቬንያ
ኖቬምበር 5 ቀን 2018

ላይል፣

እንደምን ሰነበትክ። ከዚህ የረዘመ ሰላምታ ለመጻፍ ሞክሬ ወረቀት አበላሸሁ እንጂ አልሆነልኝም። ከአሥር ዓመት በላይ አንድ መስመር ሳትጽፍ ኖራ ድንገት ተነስታ ስለ ጤናህ የምትጠይቅ ጎረቤት ምን ይሏታል? አድራሻህን የሰጠችኝ የፖስታ ቤቷ ዶሪስ ናት። አትቀየማት፤ እኔ ነኝ የነዘነዝኳት። ልጅህ ዘንድ ሄደህ እዚያው መቅረትህንም ከሷ ነው የሰማሁት።

ሜርል ማረፉን ሰምተህ እንደሆነ አላውቅም። አምና በረዶው ሊቀልጥ ሲል ሱቃችን ውስጥ፣ ከምስማር ሳጥኖቹ አጠገብ ወድቆ ቀረ። ሐኪሙ ልቡ ነው አለ። እስከ መጨረሻው ቀን በከዘራ ነበር የሚሄደው። ይህን የምጽፈው አንተን ለመውቀስ አይደለም፤ አጠገቤ ብትሆን ኖሮ ትጠይቀኝ ስለነበር ነው።

ከዚህ ጋር አጥፌ የላክሁልህ ከፔልዎርዝ የሽጉጥ ፋብሪካ የመጣ ማስታወቂያ ነው። ሽጉጡን ለገዛ ሁሉ በየቤቱ ደርሷል። ያንተ በድሮው ቤትህ አድራሻ መጥቶ ተመልሷል። እባክህ ቀስ ብለህ አንብበው፤ በቃላቱ ብዛት ውስጥ ዋናው ነገር ይጠፋል። ሲጨመቅ የሚለው ይህ ነው፦ መቆለፊያው ተዘግቶ፣ ሽጉጡም አፎቱ ውስጥ እንዳለ፣ ከጎን በኩል በኃይል ሲገጭ፣ ምላጩን ማንም ሳይነካው ሊባርቅ የሚችልበት ሁኔታ ሊኖር ይችላል። አንተ የገዛህበት ዓመት ከተጠቀሱት ውስጥ አለበት። የሜርልም አለበት።

ይቅርታ የሚል ቃል ፈልጌ አላገኘሁም። «የደንበኞቻችን እርካታ» የሚል አለ።

ለዛሬ ይህን ብቻ። ባትመልስልኝም አልቀየምም።

ቬርና ስቶቨር


ዴሚንግ፣ ኒው ሜክሲኮ
ኖቬምበር 19 ቀን 2018

ለወይዘሮ ቬርና ስቶቨር፣

ደብዳቤዎ ደርሶኛል። በባለቤትዎ ማረፍ አዝኛለሁ። ከሜርል ጋር አንድ ወንበር ላይ ተቀምጠን ነው የተማርነው። የመጀመሪያዋን አጋዘን ስጥል ቢላውን ያዋሰኝ እሱ ነው። ይህን ማንም አይወስድብኝም።

ማስታወቂያውን አነበብኩት። ለምን እንደላኩልኝ ግን አልገባኝም። ሽጉጡን የሸጠልኝ ባለቤትዎ ነው። ባንኮኒው ላይ አስቀምጦ፣ «ላይል፣ ከዚህ ፋብሪካ የወጣ ዕቃ ሰው አሳፍሮ አያውቅም፤ ካሳፈረህ እኔን ተጣላኝ» አለኝ። አመንኩት። ፋብሪካውን ያመንኩት እሱን ስላመንኩ ነው። ከዚያ በአዳኞች ማኅበራችን የጸደይ ቁርስ ቀን ወገቤ ላይ እንዳለ ባረቀ፤ ጥይቱም ሄዶ እሱኑ ዳሌው ላይ አገኘው። ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ መጀመሪያ ያስጠራው ፓስተሩን አልነበረም፤ የአዳኞች ማኅበሩን ጸሐፊ ነበር። ደንቡ ይፈጸም አለ።

ደንቡን እርስዎም ያውቁታል፤ በየዓመቱ ከወጥ ቤቱ ሆነው ሰምተውታል። መሣሪያ የባረቀበት አባል የማኅበሩን አዳራሽ ቁልፍ ያስረክባል። በሚቀጥለው የጸደይ ቁርስ ላይ በሰው ሁሉ ፊት ቆሞ «ጣቱ የኔ ነበር» ይላል። ያጨበጭቡለታል፤ ቁልፉ ይመለስለታል። ሦስት ቃል ናት። ከኔ በፊት ሌሎች ብለዋታል። እኔ አልልም አልኩ። ከዚያ ወዲያ ነዳጅ ማደያው ላይ እንኳ ሰላም የሚለኝ ጠፋ። ሚስቴ ስትቀበር ሬሳ ሳጥኗን የተሸከሙት የቀብር አስፈጻሚው ቅጥረኞች ነበሩ። ቤቱን ሸጬ ወጣሁ።

አሁን ፋብሪካው «ሊኖር ይችላል» ይላል። ይበል።

አንድ ነገር ልጠይቅዎት ነበር። ትቼዋለሁ።

ላይል ኮብል


ክላርክስ ራን
ዲሴምበር 10 ቀን 2018

ላይል፣

«ወይዘሮ» ማለትህን ተቀብዬዋለሁ። እኔ ግን አንቱ ልልህ አይሆንልኝም፤ በአጥር ዘልለህ ቲማቲማችንን ስትሰርቅ የማውቅህን ሰው አንቱ ብል የማሾፍብህ ይመስልብኛል።

ስለ ሚስትህ ቀብር የምለው የለኝም። ያን ሰሞን ምግብ ሠርቼ በራፍህ ላይ አስቀምጬ ሳላንኳኳ ተመልሼ ነበር። ያኔ ትልቅ ነገር ያደረግሁ መስሎኝ ነበር።

ከደብዳቤህ በኋላ የላክኻት ካርድ ቅዳሜ ደረሰች። ሰዎቹ ማስታወቂያውን ሲያዩ ምን አሉ ብለሃል። ልንገርህ።

ዛሬ የማኅበሩ ሊቀመንበር ዋርድ ከንክል ነው። ያንተ ከመባረቁ ጥቂት ዓመት ቀደም ብሎ የሱ ፔልዎርዝ መኪናው ውስጥ ባርቆ አዳኝ ውሻውን እንደገደለበት ታስታውሳለህ። ቆሞ ሦስቱን ቃል ሲል እንባው በጢሙ ላይ ይወርድ ነበር፤ ካጨበጨቡለት አንዱ አንተ ነበርክ። ማስታወቂያው የደረሰ ሳምንት ወደ ሱቅ መጣ። ሽጉጡን ለጥገና መልሰው የሚልኩበት ሳጥን የሚታደለው እኛ ዘንድ ነው፤ ከሜርል ወዲህ ሱቁን የያዝኩት እኔ ነኝ።

«እንግዲህ ዋርድ፣ ጣቱ ያንተ አልነበረም» አልኩት።

ሳጥኑን እያገላበጠ፣ «ማን አለ?» አለኝ።

«ፋብሪካው ነዋ።»

«ፋብሪካው ሊኖር ይችላል ነው ያለው። ዋርድ ከንክል ጋ ነበረ አላለም። እኔ ደግሞ በሰው ፊት ብያለሁ፣ ቬርና። አሁን ምን ልበል? ውሻዬ በምን ሞተች ልበል፣ በብሎን?»

ሳቅሁ። እሱ አልሳቀም። ሳጥኑን በብብቱ ይዞ ወጣ።

ሽጉጦቹ አሁን እየተጠገኑ መመለስ ጀምረዋል። ከእያንዳንዱ ጋር የፋብሪካው ስም የተጠለፈበት ኮፍያና አንድ ትርፍ የጥይት ካዝና ይመጣል። ባለፈው እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ግማሹ ሰው ያንን ኮፍያ አድርጎ ነበር። «ሌላ ፋብሪካ ቢሆን ይክድ ነበር፤ እነዚህ ግን ሰዎች ናቸው» ይባባላሉ። እኔ ደግሞ ማስታወቂያውን እንደገና አውጥቼ አነበብኩት፤ ጥፋታቸውን ያመኑበትን ቦታ ፈልጌ አጣሁት። ሰዎቹ ግን አግኝተውታል። ፋብሪካውን ይቅር ለማለት አንድ ኮፍያ በቂ ሆነ።

ስላንተ ማንም አላነሳም። ረስተውህ አይደለም። ስምህ አፋቸው ላይ ሲደርስ ወሬ ሲለውጡ አያቸዋለሁ።

ትቼዋለሁ ያልከውን ጥያቄ፣ እባክህ፣ እንደተውከው ተወው።

ቬርና


ዴሚንግ
ጃንዋሪ 14 ቀን 2019

ቬርና፣

ልተወው አልቻልኩም።

ሽጉጡ እስካሁን እኔ ዘንድ ነበር። ሸሪፉ መልሶልኝ ነበር። ስንት ጊዜ እንደፈታሁት አትጠይቂኝ። የወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ እስከ መጨረሻዋ ሞላ ድረስ አፈታትቼዋለሁ፤ አንድም ስህተት አላገኘሁበትም። ስህተት ልፈልግም ተቀምጬ አላውቅም። ንጹሕ መሆኑን ለማየት ነበር የምፈታው።

አልልም ያልኩት ፋብሪካውን ጠርጥሬ ይመስላችኋል። አልጠረጠርኩም። ፔልዎርዝ ይሳሳታል ብዬ አንድ ቀን አስቤ አላውቅም። ግትር ስለሆንኩ ብቻ ነው፤ ያላደረግሁትን አድርጌአለሁ አልልም ብዬ ነው። ግን ፋብሪካው ካልተሳሳተ፣ እኔም ካልነካሁት፣ ሜርልን ማን መታው? ይህን እያሰብኩ ብዙ ዓመት መኪና ነዳሁ፤ እዚህ አገር መንገዱ ቀጥ ያለ ነው፣ ከማሰብ ሌላ ሥራ የለም። አንድ ቀን ከገበያ ስመለስ ጣቴ ትዝ አለኝ። የምላጩ ቅዝቃዜ። ጫፉ ላይ ያለችው ሸካራ ነገር። እንዴት እንደተሳበልኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ አልተለየኝም። አሁን የማስታውሰው እሱን ነው። በእርግጥ የሆነ ነው ወይስ ከራሴ አውጥቼ ያስገባሁት፣ መለየት አቅቶኛል።

አንቺ ያን ቀን የአዳራሹ ወጥ ቤት መስኮት ላይ ነበርሽ። የሸሪፉ ሰው ሲጠይቅሽ «ጀርባዬን ሰጥቼ ነበር» አልሽ። አልሰጠሽም፤ ዓይን ለዓይን ተያይተናል። ለምን እንዲያ እንዳልሽ አልጠይቅሽም። ባልሽ ደሙ እየፈሰሰ ነበር።

የምጠይቅሽ አንድ ነገር ብቻ ነው። ሲባርቅ እጆቼ የት ነበሩ?

ሽጉጡን ዛሬ በሳጥናቸው አድርጌ ልኬላቸዋለሁ። አንቺ ካልነገርሽኝ እነሱ ይነግሩኛል።

ላይል


ክላርክስ ራን
ፌብሩዋሪ 18 ቀን 2019

ላይል፣

መልሴ ስለዘገየ ይቅርታ አድርግልኝ። በረዶው ዘንድሮ እንደ ጉድ ነው የወረደው፤ ከወንዙ ማዶ ያሉት ለቀናት መብራት አልነበራቸውም። የሱቁ የኋላ ቧንቧ ፈንድቶ ዘር የሞላበት ከረጢት ሁሉ ረጥቦ ብቅል ሆነ። እኔም በጉንፋን ሰንብቻለሁ፤ አሁን ይሻለኛል። ዶሪስ ጡረታ ልትወጣ ነው፤ ሰላም በይልኝ ብላለች። የድሮ ቤትህን የገዙት ሰዎች የፖም ዛፎቹን ቆርጠዋቸዋል፤ ልነግርህ አልፈለግሁም ነበር፣ ግን በካርድህ ላይ ጠይቀኸኛል።

ማኅበሩ ከመተኮሻው ሜዳ ጥግ አዲስ መጠለያ ሠርቷል፤ ጣሪያው ብቻ ነው የቀረው። በሜርል ስም እንዲጠራ ተወስኗል። የሚመረቀው በጸደይ ቁርሱ ቀን ነው። ሰሌዳው ተቀርጾ መጥቶ እኔ ዘንድ፣ ባንኮኒው ሥር ተቀምጧል። «ለሜርል ስቶቨር፣ በቃሉ ለኖረ» ይላል። ቃሉን ያወጣሁት እኔ አይደለሁም፤ አስነብበውኝ ግን ደህና ነው ብያለሁ።

የጠየቅከኝን ነገር ከቁርሱ በኋላ እጽፍልሃለሁ። ይህን ያህል ዓመት ታግሰሃል፤ ጥቂት ሳምንት ታገሰኝ።

ይህን ከጻፍኩ በኋላ መልሼ አነበብኩትና ልሰርዘው ነበር። አልሰረዝኩትም። ምን ዓይነት ሰው እንደምትጽፍልህ ማወቅህ ይሻላል።

ቬርና


ዴሚንግ
ማርች 18 ቀን 2019

ቬርና፣

ሽጉጡ ተመልሶ መጣ። ደብዳቤ አለው። ቃል በቃል ልገልብጥልሽ፦ «የላኩልንን መሣሪያ ባለሙያዎቻችን መርምረውታል። በተነደፈበት አኳኋን የሚሠራ ሆኖ ተገኝቷል። ለረጅም ዘመን ደንበኛነትዎ ምስጋና ይሆን ዘንድ ማሻሻያው በነጻ ተደርጎለታል።»

እንግዲህ የኔው ደህና ነበር።

ልጄ ደብዳቤውን ነጥቃኝ አንብባ፣ «አባዬ፣ በተነደፈበት አኳኋን ማለት እኮ ንድፉ ራሱ ነው የተበላሸው» ትለኛለች። ብልህ ናት፤ በእናቷ ወጥታለች። እኔ ግን ዕድሜዬን ሙሉ ያ ፋብሪካ የተናገረውን ሳልመረምር ስቀበል የኖርኩ ሰው ነኝ። በዚህ ዕድሜ ማመን እንዴት ነው የሚተወው? እነሱ ደህና ነው ካሉ እጄ እሺ ይላል። ኮፍያውን የልጄ ውሻ ሲያኝከው ውሏል፤ የተደሰትኩበት ነገር እሱ ብቻ ነው።

ቁርሱ ይለፍ ትያለሽ። ሰሌዳው ባንኮኒሽ ሥር ነው ትያለሽ። ገብቶኛል። እጆቼ የት እንደነበሩ የምታውቂው እኔን የሚያድን ነገር ቢሆን ኖሮ ለአንድ ጣውላ ብለሽ አታቆዪብኝም ነበር። ያን ያህል ክፉ አልነበርሽም። ስለዚህ የማትነግሪኝ ልትጎጂኝ ስላልፈለግሽ ነው። ዝምታሽን እንደ መልስ ወስጄዋለሁ፤ ስለ ርኅራኄሽም አመሰግንሻለሁ።

ደክሞኛል፣ ቬርና። ሰዎቼ ናፍቀውኛል።

ላይል


ክላርክስ ራን
ኤፕሪል 28 ቀን 2019

ላይል፣

ለማኅበሩ መጻፍህን አላወቅሁም ነበር። ያለፈውን ደብዳቤህን ተቀብዬ ባንኮኒው ላይ አስቀመጥኩት፤ መልሱን ከቁርሱ ማግስት እጽፋለሁ ብዬ ነበር። ይኸው ማግስቱ ነው።

ትናንት ፓንኬክ እያገላበጥኩ ሳለ ዋርድ ጽዋውን በማንኪያ መታ መታ አደረገና፣ «ከላይል ኮብል የመጣ ነው» አለ። ሰላምታህን አነበበ። የሚስትህን መቃብር ሣር የሚያጭድልህን ሰው ያመሰገንክበትን አነበበ። ከዚያ ሦስቱን ቃል። ሁለት ጊዜ አነበባቸው። ተነስተው አጨበጨቡ፣ ላይል። ጠረጴዛ የሚመቱ ነበሩ። የሚያለቅሱ ነበሩ። ምን ያህል ይወዱህ እንደነበር ያኔ ነው ያየሁት። ሦስቱን ቃል ብቻ ነበር የሚጠብቁት።

ከዚያ እዚያው አዳራሹ ውስጥ መጋረጃውን ከሰሌዳው ላይ ገለጡ፤ ለኔም አጨበጨቡልኝ። መናገር የነበረብኝ እዚያ ላይ ነበር። ፓንኬኩ እስኪያር ድረስ መገልበጫውን ይዤ ቆምኩ።

አሁን ልመልስልህ። ሲባርቅ በሁለት እጆችህ የቋሊማውን ትሪ ይዘህ ነበር። በመስኮቱ ያቀበልኩህ እኔ ነኝ። ዞር ስትል ወገብህ የወጥ ቤቱን ባንኮኒ ጥግ ገጨ፤ ባረቀ። ትሪው የወደቀው ከዚያ በኋላ ነው። ሰዎቹ ዘወር ሲሉ እጅህ ባዶ ነበርና ቀድሞ ባዶ የነበረ መሰላቸው። ቋሊማውን ከወለሉ የለቀምኩት እኔ ነኝ። ጣትህ ምላጩ ዘንድ አልነበረም፤ ሊሆንም አይችልም ነበር።

ለምን ዋሸሽ አልጠይቅሽም ብለሃል፤ ባልሽ ደሙ እየፈሰሰ ነበር ብለህ ምክንያት ሰጥተኸኛል። ምክንያቱ እሱ አልነበረም። ደሙ ከቆመ በኋላ ነው የዋሸሁት። ሜርል ሆስፒታል ሆኖ እጄን ያዘና፣ «ቬርና፣ ጣት ካልሆነ ሽጉጡ ነው። ሽጉጡ ከሆነ ደግሞ እኔ ነኝ። ስንት ቤት ነው በቃሌ ያስገባሁት» አለኝ። በማግስቱ የሸሪፉ ሰው መጣ። እኔና ሜርል ከዚያ ወዲያ በዚህ ነገር አንድ ቀን አልተነጋገርንም። ሌሊት ሌሊት ዳሌውን ሲያመው አሽለት ነበር፤ ያኔም አልተነጋገርንም።

ያን ያህል ክፉ አልነበርሽም ብለሃል። ነበርኩ። ለአንድ ጣውላ ነው ያቆየሁብህ።

ቬርና


ዴሚንግ
ሜይ 9 ቀን 2019

ቬርና፣

ደብዳቤሽና የማኅበሩ ፖስታ በአንድ ቀን መጡ። የማኅበሩን አስቀድሜ ከፈትኩ። ቁልፉ ነበረበት። ዋርድ «እንኳን ደህና መጣህ፣ አንተ ግትር በቅሎ» ብሎ ጽፎበታል። ሳቅሁ። እንዲያ ከሳቅሁ ስንት ዓመቴ። ልጄ ምን ሆንክ ብላ ከጓሮ መጣች። አገሬ ገባሁ አልኳት።

ከዚያ ያንቺን ከፈትኩ።

ቁጭ ብዬ ልጽፍልሽ ስሞክር የሚመጣልኝ ስድብ ብቻ ስለሆነ ጥቂት ቀን ተውኩት። አሁንም ስድቡ አለ፤ ግን ላንቺ የሚበቃ ስድብ አላገኘሁም። የዋሸሽባቸውን ዓመታት ሁሉ ልውጣቸው እችል ይሆናል። ከፌብሩዋሪ እስከ ኤፕሪል ያለውን ግን እንዴት አድርጌ ልዋጠው? ጠይቄሽ ነበር። ለምኜሽ ነበር። አንድ መስመር ብትጽፊልኝ ኖሮ ያቺን ሦስት ቃል ይዣት እሞት ነበር፤ ሳልላት።

ለኔ የጻፍሽውን ሄደሽ ለነሱ ተናገሪ። ለኔ ብቻ የተነገረ እውነት ምን ያደርግልኛል? እኔ እዚህ ብቻዬን ነኝ።

ላይል


ክላርክስ ራን
ሜይ 30 ቀን 2019

ላይል፣

ነገርኳቸው።

ማክሰኞ በወሩ ስብሰባቸው ላይ ገባሁ። ሴት እዚያ ተናግራ አታውቅም፤ ቢሆንም ወንበር ሰጡኝ። ሁሉንም አልኩ። ትሪውን፣ የባንኮኒውን ጥግ፣ ለሸሪፉ ሰው የዋሸሁትን፣ ሜርል ያለኝን፣ አንተ ጠይቀኸኝ ያቆየሁብህን። ማንም አላቋረጠኝም። ቁጣ ይመጣል ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር። ቁጣ ቢመጣ ይሻለኝ ነበር።

ዋርድ ተነስቶ መጥቶ ከጎኔ ተቀመጠ። ሐዘን ቤት እንደሚናገር ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ቬርና፣ ሜርል ከሄደ ወዲህ ብቻሽን ነሽ። ይህን ሁሉ ለላይል ብለሽ እንደሆነ ይገባኛል፤ ደግ ሴት ነሽ» አለኝ። «ግን ላይል እኮ ራሱ ተናግሯል።»

«እኔ ዝም ስላልኩት ነው የተናገረው።»

«ሰው ባልነካው ነገር ጣቱ የኔ ነበር ይላል እንዴ?»

«ዋርድ፣ ይህን የምትጠይቀኝ አንተ ነህ?» አልኩት።

ዙሪያውን አየሁ። ወለሉን የሚያዩ ነበሩ፤ እነሱም ከዚህ በፊት ቆመው ያንኑ ያሉ ናቸው። አንዳቸው ቀና ቢሉ ሌሎቹም የሚከተሉ መሰለኝ። ማንም ቀና አላለም። ኋላ አንዱ ቡና ቀዳልኝ፤ ስለ ትራውት ዓሣው ማውራት ጀመሩ።

ሰሌዳውን አውርዱልኝ አልኳቸው። በድምፅ ይወሰን ተባለ። ባለበት እንዲቆይ ተወሰነ፤ የተቃወመ አልነበረም። የፔልዎርዝን ዕቃ ከሱቁ አውጥቻለሁ። በዚህም አልተቀየሙኝም። ሌላ ከተማ ሄደው ይገዛሉ፤ ሲመለሱ ምስማር ከኔ ይወስዳሉ፤ እንዴት አደርሽ ይሉኛል።

እውነቱን ተናግሬ እንደ ታመመች ሴት አዘኑልኝ። ያንተ ደብዳቤ ግን በመስታወት ተደርጎ አዳራሹ ውስጥ ተሰቅሏል።

ቬርና


ዴሚንግ
ጁን 12 ቀን 2019

ቬርና፣

ዋርድን አትቀየሚው። አንቺን ካመነሽ ውሻውን እንደገና ሊቀብር ነው። ቁልፉን መልሼ ልልክለት ነበር፤ ምን ብዬ እንደምጽፍለት አጣሁ። ዋሽቼ ነው ብል፣ ታዲያ የትኛውን ነው የዋሸኸው ይለኛል።

አንተስ ታምነኛለህ ወይ ሳትዪ አትቀሪም። አምኜሻለሁ። ትሪ ይዤ ነበር። እንደ ማንኛውም ነገር አውቀዋለሁ፤ የአንድ አገር ዋና ከተማ ማን እንደሆነ እንደማውቀው። ግን ትሪው አይሰማኝም፣ ቬርና። ጣቴ ላይ ያለው ምላጩ ነው። በጠራራ ፀሐይ የመኪና መሪ ይዤ፣ ሹካ ይዤ፣ ይሰማኛል። ያንን ደብዳቤ ከላክሁ ወዲህ ደግሞ ብሶበታል፤ የፈረመውም ያው እጅ ነው። አንቺን አምናለሁ፤ ጣቴ ግን አያምንሽም።

ይቅርታ እያልሽ አትጻፊልኝ። አሁን የምሰጥሽ የለኝም። ትሪውን ጻፊልኝ። ከባድ ነበር? ያቃጥል ነበር? በምን ያዝኩት? ምን አልኩሽ? በእያንዳንዱ ደብዳቤ ጻፊልኝ፣ ቢሰለችሽም። ከምላጩ ጋር ያለሁት ስንት ዓመት ነው፤ ከትሪው ጋር ገና ሁለት ወር አልሞላኝም።

ላይል


ክላርክስ ራን
ጁን 20 ቀን 2019

ላይል፣

የማኅበሩ ትልቁ ትሪ ነበር፣ ግራና ቀኝ መያዣ ያለው፤ አንድ እጅ አይችለውም። ከምድጃ መውጣቱ ስለነበር «ቆይ፣ ያቃጥልሃል» አልኩህና ሁለት ፎጣ ሰጠሁህ። አንደኛው ሰማያዊ መስመር ነበረው፤ ሌላው የዱቄት ከረጢት ጨርቅ ነው። ሰማያዊውን በግራህ አደረግህ። ስቡ ገና ይንጨረጨር ነበር። መጀመሪያ ስታነሳው ወደ ቀኝ ዘመመብህና ስቡ እስከ ጠርዙ መጣ፤ እጅጌህ ላይ ጠብ አለብህ፣ አንድ ነገር ተሳደብክ። «ይህን ሁሉ ሜርል ብቻውን ሊጨርሰው ነው» አልክ። ሳቅሁ፤ ቀና ብለህ አየኸኝ። ለዚህ ነው የተያየነው። ከዚያ እግርህን ከፈት አድርገህ ቆምክና ትሪውን ወደ ደረትህ አስጠጋኸው። ከባድ ስለነበር አጥብቀህ ነው የያዝከው። ጣቶችህ በፎጣዎቹ ላይ መያዣዎቹን ጨብጠው፣ አንጓቸው ነጥቶ ነበር። አውራ ጣቶችህ ከላይ ነበሩ። እኔ ከፊትህ ነበርኩ፣ በመካከላችን ትሪው ብቻ ነበር፤ አሥሩንም አየኋቸው።

ቬርና